በጉንዳን የሚታሹት ወፎች

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ላም እግሬን ረገጠችኝ። ግራውን፣ አውራ ጣቱን። ይህን ሁሉ ዓመት የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ከላም ኋላ የት እንደሚቆም ዛሬም አልተማርኩም ማለት ነው... ባለቤቷ "አይዞሽ ዶክተር፣ ሰው ስትወድ ነው" አለኝ። ከምትወደኝ ብትጠላኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሥራ ስወጣ እያነከስኩ አባዬ ቤት ጎራ አልኩ። አክስቴ ከስኳሩ ውስጥ ጉንዳን ትለቅማለች። የአባዬ ታናሽ እህት ናት፣ እማዬ ካረፈች ወዲህ አብራው ነው የምትኖረው። "ወንድሜ ግቢውን ለጉንዳን አከራይቶታል" አለች። አባዬ የሚያሳድጋቸውን ወፎች የሽቦ ቤት ሲሚንቶ አስነስቶ ሣር ከተከለ ወዲህ ነው ይኼ ሁሉ። ሲሚንቶ የወፍ እግር ያሳምማል ብዬ የመከርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ አብሬ ለቀምኩ።

አባዬ ሽቦው አጠገብ፣ በርጩማው ላይ። ወፎቹ ጥቁር ናቸው፣ ፀሐይ ሲያገኛቸው ግን ሰማያዊ ይሆናሉ። የሰሙትን ሁሉ ይቀዳሉ። የበሩን ሲጢጥታ፣ የስልክ ጥሪ፣ የአክስቴን ቁጣ። አባዬ እሜቴ የሚላት ወፍ ደግሞ ታስላለች። የእማዬን ሳል። ሁለት ደረቅ ሳል፣ ከዚያ "እህ..."። እማዬ በመጨረሻው ዓመቷ መስኮቱ ሥር ተኝታ ስታስል ሰምታ የያዘችው ነው። አክስቴ "ፀጉሬ ይቆማል" ትላለች። አባዬ ግን ጠዋት ጠዋት ያንን ሳይሰማ ወደ ቁርስ አይቀርብም። እኔስ? እንጃ። ደስ ይለኛል፣ ግን ሳሉ ሳያልቅ ወደ ውስጥ እገባለሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

እንደሆነው ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ አባዬ ደወለ። "እስቲ ነይና እሜቴን እያት፣ አንድ ነገር ሆናለች።" ስደርስ ሣሩ ላይ ወድቃለች። ክንፎቿን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ጅራቷን በሆዷ ሥር አጥፋ፣ አንገቷን ጠምዝዛ። ልትነሳ ሞከረች፣ በጎኗ ተገለበጠች። ዓይኗ ግማሹ ተሸፍኗል። ከሽቦው ውጭ ቆሜ ነው ያየኋት። ብዙም አልቆየሁ። ምን ያቆየኛል? አንገት መጠምዘዝ፣ ክንፍ መጣል፣ መውደቅ... ፈንግል። የአንድ ሰፈር ዶሮ ጠራርጎ ሲወስድ በዓይኔ ያየሁት በሽታ። ከአባዬ አጥር ጀርባ ደግሞ የጎረቤታችን የባለ ዶሮው እርባታ አለ፣ በሺህ የሚቆጠር ዶሮ።

"እስከ ነገ ወዲያ እንያት" አለ አባዬ።

"አባዬ፣ እየሞተች ነው።"

"ጠዋት በልታለች እኮ። አስላለችም።"

"ይህን በሽታ አውቀዋለሁ። እርግጠኛ ነኝ። ዛሬ ካልሆነ ሌሎቹንም ይዛ ነው የምትሄደው።"

አልተከራከረኝም። "እንግዲህ አንቺ ነሽ የምታውቂው" አለና ፊቱን አዞረ።

በገዛ እጄ ነው መርፌውን የወጋኋት። ቶሎ ሄደች። መዳፌ ላይ አቼቶ አቼቶ የሚል ሽታ ቀረ፤ የበላችው ሆዷ ውስጥ ኮምጥጦ ነው አልኩ። ናሙናውን ወደ ላብራቶሪ ላክሁ። ለመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ ደወልኩ። "የአባትሽ ቤት ነው? ሌላ ሰው ልመድብ?" አለኝ። እኔው እይዘዋለሁ አልኩ። ቀዩን ማስጠንቀቂያ በሩ ላይ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ውጤቱ እስኪመጣ ወፍ አይገባም፣ ወፍ አይወጣም። ከዚያ በፊት ሌላ ወፍ ምልክቱን ካሳየ ግን ውጤት አይጠበቅም፣ ሁሉም ይወገዳሉ። ደንቡ ይኸው ነው። ለስንቱ ሰው ደጁ ላይ ቆሜ አንብቤለታለሁ... ለአባዬ ሳነብለት ግን ከወረቀቱ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

አባዬ አኩርፎኛል። የሚያናግረኝ በአክስቴ በኩል ነው። "ለዶክተሯ ንገሪያት፣ ጫማዋን መድኃኒቱ ውስጥ ነክራ ትግባ።" አጠገቡ ነው የቆምኩት። አክስቴ ወደ እኔ ዞረች፣ "ጫማሽን..." "ሰምቻለሁ አክስቴ።" ወደ እሱ ዞረች፣ "ሰምታለች።" የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆናለች ምስኪን።

ስወጣ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። "ያ ሳል ያስፈራኝ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "አሁን ደግሞ ዝምታው ነው የባሰብኝ። ጠዋት ቁርሱን አልነካም።"

ግዴታዬን ነው የተወጣሁት። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ አልኩት ዛሬ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ባለ ዶሮው ቢሮ ድረስ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፣ ሲቀመጥ ወንበሩ ይጮሃል። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። "ዶክተር፣ አባትዎን አከብራለሁ። ግን አርባ ሠራተኛ አለኝ፣ የዶሮ እንጀራ ነው የሚበሉት። አንድ ወፍ ቢያመልጥ እኮ አለቅን።" እውነቱን ነው። አንድም የተሳሳተ ነገር አልተናገረም።

ላብራቶሪ ደወልኩ። ወረፋ ነው አሉ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

አንዱ ወፍ ወደቀ።

አባዬ ውስጥ ነበር፣ አክስቴ ገበያ። ብቻዬን ነኝ። ያው ክንፍ ወደ ፊት፣ ያው ጅራት በሆድ ሥር፣ ያው አንገት። ስልኬን አወጣሁ። የኃላፊው ቁጥር ላይ ጣቴን አደረግኩ። መደወል አለብኝ። አሁኑኑ። ከደወልኩ ከሰዓት በኋላ አስወጋጆቹ የመግደያ ጋዝና ካርቶን ይዘው ይመጣሉ። አልደወልኩም... ለምን? ፈርቼ። ሌላ ምክንያት የለውም፣ አባዬን ፈርቼ ነው።

ያ ፍርሃት ነው ቆሜ እንድመለከት ያደረገኝ።

ወፉ ተነሳ። ላባውን አራገፈ። ሄዶ ጥሬውን በላ፣ ውኃ ጠጣ፣ እንጨቱ ላይ ወጥቶ የበሩን ሲጢጥታ ዘፈነ። ፈንግል የያዘው ወፍ እንዲህ አያደርግም። ከወደቀ ወደቀ ነው። ከዚያ ተመልሶ ወረደና እዚያው ቦታ ሄደ። እዚያው፣ ሣሩ ሳሳ ያለበት ጥግ። መሬቱን ለቀም አደረገ። በአፉ አንድ ነገር ይዟል። በክንፉ ሥር አሸው። ጅራቱን በሆዱ ሥር ያመጣው እሱን ሊያሸው ነው። ደግሞ ሌላ ለቀመ፣ ደግሞ አሸ፣ ሚዛኑን ስቶ በጎኑ ተገለበጠ።

ጫማዬን ነክሬ ገባሁ፣ ተንበረከክሁ። ጉንዳን ነው። ቀዩ ጉንዳን፣ ጥጉ በሙሉ ይፈላል። አንዱን በጣቴ ጨፍልቄ አሸተትኩት።

አቼቶ።

ታዲያ እሜቴ...

እሑድ፣ ግንቦት 10

ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። መጽሐፎቼን መሬት ላይ ዘርግቼ ሳነብ ዋልኩ። የሚታወቅ ነገር ነው። ብዙ ዓይነት ወፍ ያደርገዋል። እኔ ያጠናሁት ዶሮና ከብት ነው፣ ዶሮ ደግሞ ጉንዳን ይበላል እንጂ አይታሽበትም። ይህ ሰበብ ይሆናል? አይሆንም።

ለምን እንደሚያደርጉት ግን አንዱ መጽሐፍ ከሌላው አይስማማም። ጉንዳኑ የሚረጨው አሲድ ላባ ውስጥ ያለ ቅማል ይገድላል የሚል አለ። ሌላው፣ ላባ ሲቀይሩ ቆዳቸውን ስለሚበላቸው ማስታገሻ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ከመብላታቸው በፊት መርዙን ላባቸው ላይ እየጠረጉ ነው ይላል፣ እኛ ቃሪያ ፍሬውን አራግፈን እንደምንበላው ዓይነት። ደስ ስለሚላቸው ነው የሚልም አለ። አንዱም ቁርጡን አልነገረኝም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ይኼ ነው። ወፎቹ ደህና ናቸው ብዬ ካረጋገጥኩ፣ እሜቴም ደህና ነበረች ማለት ነው። አንዱን ብቻ ነጥዬ ማረጋገጥ አልችልም። ደግሞስ ሁለቱም ቢሆኑስ? ጉንዳንም ፈንግልም? ውጤቱ አልመጣ... ረቡዕ ዕለት እርግጠኛ ነኝ ያልኩት ሰው ዛሬ ደግሞ እርግጠኛ ነኝ ልል ነው?

ሰኞ፣ ግንቦት 11

አባዬ አናገረኝ። በቀጥታ። እንዲህ ሆኖ ባያናግረኝ ይሻለኝ ነበር።

አክስቴ ዘወር እስክትል ጠብቆ ክንዴን ያዘኝ። "ሁለቱ ወድቀው አየሁ" አለኝ። "አንቺም አይተሻል፣ ከፊትሽ አውቄአለሁ። አትናገሪ። እኔ እሸፍናቸዋለሁ፣ ጀርባውን በሸራ እጋርደዋለሁ። የሚሞትም ካለ እጄ ላይ ይሙት።"

"አባዬ፣ የሚሞት የለም።"

"አታባብዪኝ። እሜቴን አይቻታለሁ እኮ።" ክንዴን ለቀቀ። "ተናድጄብሽ ነበር። ግን ሳስበው ሳስበው፣ ከስቃይ ነው የገላገልሻት። እናትሽ ያን ሁሉ ጊዜ ስትሰቃይ ማንም አልገላገላትም። ለእሜቴ አንቺ ደረስሽላት። በዚህ እጽናናለሁ።"

መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበረ። ጉንዳን ነው አባዬ፣ ምንም አልነበረባትም... አልወጣ አለኝ። "አትጨነቅ፣ አንድ ነገር አደርጋለሁ" ብዬ ወጣሁ። አፍሬአለሁ። የተጽናናበትን ነገር እንዴት ከእጁ ልንጠቀው?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ባለ ዶሮው በአጥር አይቷል። ሠራተኛውን መሰላል ላይ አውጥቶ ነው፣ ፎቶም አንስተዋል። ፎቶው ላይ ወፉ የሞተ ነው የሚመስለው። ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋልኝ።

"ይህን አይተሻል?"

"አይቻለሁ።"

"መቼ?"

"ቅዳሜ።"

መነጽሩን አወለቀ። "ቅዳሜ አይተሽ ዛሬ ማክሰኞ ነው" አለኝ። ነገርኩት፣ ሁሉንም። ጉንዳኑን፣ ሽታውን፣ መጽሐፎቹን። ሲሰማኝ ቆይቶ፣ "የአባትሽ ቤት ባይሆን አምንሽ ነበር" አለ። እኔም በሱ ቦታ ብሆን ራሴን አላምንም ነበር። "ነገ ጠዋት ከቡድኑ ጋር እመጣለሁ። ያልሽውን አሳይኝ። ካላሳየሽኝ ሥራችንን እንሠራለን።"

ከዚያ ወደ አባዬ ቤት በሩጫ። አክስቴ የፈላ ውኃ ይዛ ወደ ወፎቹ ቤት ስትሄድ ደረስኩባት። ጉንዳኑ ላይ ልትደፋ። "የወፍ በሽታውንም ያመጣው ይኼ ነው" ትለኛለች። ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ነጠቅኩ፣ ትንሽ እጄን ፈጀኝ። "አክስቴ፣ ለዛሬ ብቻ ተያቸው። ነገ እስኪነጋ አንድም እንዳይሞት።" አበደች ብላ አየችኝ።

ነገ ጠዋት አባዬን ይዘሽልኝ ውጪ ስላት፣ አባዬ ከውስጥ ሰማ። "የትም አልሄድም" አለ። "ሲገድሏቸው አጠገባቸው እሆናለሁ።"

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ነጭ ቱታ የለበሱ ሁለት ሠራተኞች። ጋዙ። ካርቶኖቹ። ኃላፊው። ባለ ዶሮው በሩ ጋ፣ እጁን አጣምሮ። አክስቴ የቤቱ ደፍ ላይ። አባዬ በርጩማው ላይ፣ ማንንም ሳያይ።

ጉንዳኑን ከነአፈሩ በአካፋ አንስቼ ትሪ ላይ አደረግኩ። ወፎቹ ቤት መሃል አስቀመጥኩት። ቆምን።

ምንም የለም። ወፎቹ ሁሉ ላይኛው እንጨት ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። አንድም የሚወርድ የለም። ጉንዳኑ ከትሪው እየወጣ በእጅጌዬ ገባ፣ ይነክሰኛል፣ አልተንቀሳቀስኩም። ውረዱ እንጂ... ቅዳሜ ስትወድቁ የነበራችሁ ዛሬ ምን ነካችሁ? ኃላፊው ሰዓቱን አየ። አንደኛው ሠራተኛ የካርቶኑን ክዳን ከፈተ። ባለ ዶሮው ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ቱታውን ነው የፈሩት" አልኩ። "እባክዎ፣ ሠራተኞቹ ከአጥሩ ውጭ ይቁሙ።" ኃላፊው ትንሽ አሰበና በእጁ ምልክት ሰጣቸው። ወጡ። እኔም ወጥቼ ሽቦውን ዘጋሁ።

የመጀመሪያው ወረደ። ትሪውን ዞረው። አንዱን ለቀመና ክንፉን ወደ ፊት ዘረጋ፣ ጅራቱን አጠፈ፣ አሸ። ተገለበጠ። አክስቴ "ውይ" አለች። ሌላው ወረደ። ሦስተኛው። ሣሩ ላይ ይንፈራገጣሉ፣ ላየው ሰው ሁሉም በጣር ላይ ናቸው። ኃላፊው አንድ እርምጃ ወደ ሽቦው ሄደ። እየተነሱ ላባቸውን ሲያራግፉ አየ። ገብቼ ትሪውን ወደ ሌላኛው ጥግ ወሰድኩት። ተከትለውት ሄዱ። ወደ ውጭ አወጣሁት። ቆሙ። እንደሌላው ቀን ወደ ጥሬያቸው ተመለሱ።

ኃላፊው ወደ ትሪው ጎንበስ ብሎ ጉንዳኑን አየ። "ትሪ ተከትሎ የሚሄድ ፈንግል አላየሁም" አለ በመጨረሻ። ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ ዕቃውን ጫኑ አላቸው። "ውጤቱን እንጠብቃለን። ማስጠንቀቂያው አይነሳም።"

ልቀመጥ ስል ባለ ዶሮው ተናገረ። በክፋት አልነበረም፣ ነገሩ ገና አሁን ስለገባው ነው። "ታዲያ የመጀመሪያዋም ስትሠራ የነበረው ይህንኑ ነዋ?"

አባዬ ቀና አለ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ።

"አዎ" አልኩ።

"ምንም አልነበረባትም?" ይህን የጠየቀው አባዬ ነው።

"ምንም የነበረባት አይመስለኝም አባዬ። ሰኞ ልነግርህ ነበር... አልቻልኩም።"

ተነሳ። በርጩማውን እንኳ ሳያስገባ ገባ። በሩን አልወረወረውም፣ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

አልወጣም። አክስቴ ምግቡን በሩ ሥር ታስቀምጣለች። እኔ እዚያ መሆኔን ካወቀ አይበላም አለችኝ፣ ስለዚህ ሄድኩ።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ውጤቱ መጣ። ፈንግል የለም። ምንም የለም። ጤነኛ ወፍ ነበረች።

አውቀው ነበር። ቢሆንም ወረቀቱን ስይዝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሥራ ቦታ አልቅሼ አላውቅም፣ ላም ረግጣኝም እንኳ።

ቀዩን ማስጠንቀቂያ በጥፍሬ ፍቄ አነሳሁ። ሙጫው በሩ ላይ ቀርቷል። ባለ ዶሮው ከአጥሩ ማዶ እጁን አነሳልኝ። አባዬ መስኮቱ ጋ ነበር፣ መጋረጃው ሲነቃነቅ አይቻለሁ። ጮክ ብዬ "አባዬ፣ ውጤቱ መጥቷል፣ ነጻ ናቸው" አልኩ። መጋረጃው ተዘጋ። ወፎቹን ያዳንኩት እኔ ነኝ፣ እሜቴን የገደልኳትም እኔ ነኝ። ይህን እያወቀ በየትኛው ዓይኑ ይየኝ?

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

አንዲት ሴትዮ ፍየሏን አምጥታ ምን ሆነችብኝ አለችኝ። ፈንግል ያልኩበትን ድምፅ በራሴ ጉሮሮ ሰማሁት። እርግጠኛ ነኝ ልል ነበር። ፍየሏን ገና አልነካኋትም። አፌን ዘግቼ ተንበረከክሁ። ብዙ ቆየሁ መሰል፣ "ዶክተር፣ ተኛሽ እንዴ?" አለችኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 24

አክስቴ ደወለች። "ግቢ ወጥቷል። ልጥራት ስለው እምቢ አላለም።"

ሄድኩ። ጫማዬን እነክራለሁ ብዬ መድኃኒቱን ስፈልግ ተነስቷል። ሽቦው አጠገብ ተቀምጦ ያያቸዋል። አንዱ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ይታሻል። ከጀርባው ቆምኩ። መክሳቱን ከአንገቱ አየሁት። ሸሚዙ ሰፍቶታል።

ሳይዞር፣ "ግን ለምንድነው?" አለ።

"ምኑ?"

"ጉንዳኑን። ለምንድነው የሚያሹት?"

ነገርኩት። ቅማሉን፣ ማሳከኩን፣ መርዙን ጠርጎ መብላቱን። ደስ ይላቸዋል የሚሉም እንዳሉ ነገርኩት።

"ከነዚህ የትኛው ነው?"

"አላውቅም አባዬ። መጽሐፎቹም አልቆረጡም። አላውቅም።"

ወፉ ተነስቶ ላባውን አራገፈ፣ ውኃ ሊጠጣ ሄደ። አባዬ በዓይኑ ተከተለው። መልስ የሚጠብቅ ሰው አይመስልም ነበር።

"ያን ቀን አላውቅም ብትዪኝ ኖሮ" አለ፣ "ቁጭ ብለን አብረን እናያት ነበር።"

ይቅርታ የሚለው ቃል ትንሽ ሆነብኝ። ሣሩ ላይ፣ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ጉንዳኑ በእግሬ ላይ ወጣ። አባዬ ተነሺ አላለኝም።